ፈንድ ማናጀር ማን ነው? ደመወዙስ ከየት ይመጣል?

እዚህ ካኩማ ፎርም ፎር የሚጨርሱ ተማሪዎች በዚህ ዓመት ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ ፈንድ ማናጀር ለመሆን ምን እንማር? ደመወዙ እውነት እንደሚባለው ነው?» ይሉኛል።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በቴሌግራምና በቲክቶክ ራሱን «ፈንድ ማናጀር» ብሎ የሚጠራ ወጣት መኪና ተደግፎ፣ ስልኩ ላይ የትርፍ ቁጥር ሲያሳይ ይታያል። አንዲት ጎረቤቴ እህቷ ከአረብ አገር የላከችላትን ገንዘብ እንዲህ ላለ ሰው አስተላልፋ እስከ ዛሬ አልተመለሰላትም። ስለዚህ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ክፍያው ከየት እንደሚመጣና መንገዱ ለእኛ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ከሥሩ እንየው።

ሥራው ምንድን ነው?

እቁብን ሁላችንም እናውቃለን። 20 ሰው በየወሩ ያዋጣል፣ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል፣ ዳኛና ጸሐፊ ይኖራል። እቁብ ውስጥ ግን ገንዘቡ አይወልድም፤ ያዋጣችሁትን ያንኑ ነው የምታገኙት። ኢንቨስትመንት ፈንድ የሚለየው የተዋጣው ገንዘብ ሥራ ላይ ስለሚውል ነው። ብዙ ሺህ ሰው ትንሽ ትንሽ ያዋጣል። ድምሩ ለመንግሥት በወለድ ይበደራል፤ የግምጃ ቤት ሰነድና ቦንድ የሚባሉት ይኸው ናቸው። ወይም ባንክ በጊዜ ገደብ ይቀመጣል፣ ወይም የኩባንያ አክሲዮን ይገዛበታል። የትኛው ላይ ስንት ይዋል፣ መቼ ይገዛ፣ መቼ ይሸጥ ብሎ የሚወስነው ባለሙያ ነው ፈንድ ማናጀር የሚባለው።

ኬንያ ውስጥ በብዛት የሚታወቀው መኒ ማርኬት ፈንድ ነው። ከ100 ሽልንግ ጀምሮ በኤም-ፔሳ የሚቀበል ሁሉ አለ። የማናጀሩ ቀን ግን እንደ ቲክቶኩ አይደለም። የኩባንያ ሒሳብ ማንበብ፣ ኤክሴል ላይ ማስላት፣ የወለድ ለውጥ መከታተል፣ ለምን ይህን ገዛህ ሲባል ለኮሚቴ ማስረዳት ነው።

አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። በሕጋዊ ፈንድ ውስጥ ማናጀሩ ገንዘቡን በእጁ አይዝም። ገንዘቡና ሰነዱ ከስቶዲያን በሚባል ሌላ ተቋም፣ ብዙውን ጊዜ በባንክ ይቀመጣል። ትረስቲ የሚባል ሌላ አካል ደግሞ የአዋጪዎቹን ጥቅም ይጠብቃል። ማናጀሩ ይወስናል፣ ሌላው ያስቀምጣል፣ ሦስተኛው ይቆጣጠራል።

ደመወዙ ከየት ይመጣል?

ከአዋጪዎቹ ገንዘብ ላይ በየዓመቱ በመቶኛ ከሚቆረጥ ክፍያ ነው። ኬንያ ውስጥ በመኒ ማርኬት ፈንድ ብዙ ጊዜ 2 በመቶ አካባቢ ነው። እስቲ እናስላው። አንድ ፈንድ 1 ቢሊዮን ሽልንግ ቢይዝ 2 በመቶው 20 ሚሊዮን ነው። ከዚህ ላይ የቢሮ ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የሲስተምና የማስታወቂያ ወጪ ይወጣል። ፈንዱ አድጎ 10 ቢሊዮን ቢደርስ ክፍያው 200 ሚሊዮን ይሆናል፤ ሥራው ግን 10 እጥፍ አይሆንም። ትልልቅ ፈንድ የሚመሩ ሰዎች ብዙ የሚከፈላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ክፍያው ፈንዱ ሲከስርም ይቆረጣል፤ ይህንንም አትርሱ።

ሄጅ ፈንድ የሚባሉት የሀብታም ደንበኞች ፈንዶች ደግሞ በተለምዶ ከገንዘቡ 2 በመቶ፣ ከትርፉ 20 በመቶ ይወስዱ ነበር። በጋዜጣ የምናያቸው ቢሊየነር ማናጀሮች አብዛኞቹ ከዚህ የመጡ ናቸው። እነሱ ግን ጥቂት ናቸው።

ተራውን ሠራተኛ ለማየት የአሜሪካን ቁጥር እንውሰድ። የአገሪቱ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ፈንድ ማናጀሮችን ከፋይናንስ ተንታኞች ጋር ይመድባቸዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የተንታኞቹ መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 99,890 ዶላር ነበር፤ ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው። በዚያው ጊዜ የአገሪቱ ሠራተኛ ሁሉ መካከለኛ 48,060 ዶላር ነበር። ስለዚህ ጥሩ ደመወዝ ነው፤ ከተራው እጥፍ ይሆናል። እንደሚወራው ግን ሁሉም በአንድ ዓመት ቪላ አይገዛም። ጀማሪውም ማናጀር ሆኖ አይገባም። መጀመሪያ መዝገብ ክፍል ወይም ደንበኛ አገልግሎት፣ ከዚያ ተንታኝ፣ ከዚያ ምክትል እያለ ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ሥራው ወደፊት አለው ወይ?

በሀብታም አገሮች አክሲዮን መራጭ ማናጀር ጫና ላይ ነው። ጆን ቦግል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ያቀረበው ኢንዴክስ ፈንድ ማንንም ሳይመርጥ በኢንዴክሱ ውስጥ ያሉትን አክሲዮኖች በሙሉ በርካሽ ይይዛል። ዋረን በፌት ከ2008 ጀምሮ ለ10 ዓመት በ1 ሚሊዮን ዶላር ተወራርዶ፣ እንዲህ ያለው ርካሽ ፈንድ የተመረጡ ሄጅ ፈንዶችን አሸንፏል። ደንበኛው «ታዲያ ለምን ብዙ እከፍላለሁ?» ማለት ጀምሯል።

በእኛ አካባቢ ግን ገበያው ገና እያደገ ነው። በኬንያ በእነዚህ ፈንዶች የተቀመጠው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ከ200 ቢሊዮን ሽልንግ ጥቂት በላይ ነበር፤ በ2024 መጨረሻ ከ380 ቢሊዮን አልፏል። በኢትዮጵያም የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቶ፣ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። አክሲዮንና ቦንድ የሚያነብ፣ የሚመዘግብ፣ የሚቆጣጠር ሰው ይፈለጋል። ዕድሉ ያለው ማናጀሩ ወንበር ላይ ብቻ አይደለም፤ በሒሳብ፣ በኦዲትና በቁጥጥር ሥራም ነው።

ለእኛ መንገዱ ምን ይመስላል?

ረጅም ነው፤ ዝግ ግን አይደለም። በኬንያ የሙያው ፈተና ሲፋ ይባላል፤ ካስኔብ የተባለው የፈተና ቦርድ ይሰጠዋል። ሦስት ደረጃ አለው፣ በኬሲኤስኢ አማካይ ሲ ፕላስ ላመጣ ክፍት ነው። ስለዚህ ፎርም ፎር ያላችሁ፣ ያቺ አንድ ነጥብ ዋጋ አላት። ለዲግሪ ደግሞ ዳፊ የሚባለው የስደተኞች ስኮላርሺፕ አለ፤ ውድድሩ ከባድ ነው።

በዓለም ደረጃ የሚታወቀው ሲኤፍኤ ነው። ሦስት ፈተና አለው፣ ለእያንዳንዱ 300 ሰዓት ያህል ማጥናት ይመከራል። በቅርብ ዓመታት የመጀመሪያውን ከሚወስዱት ከግማሽ በታች ነው የሚያልፉት። ክፍያው በአንድ ደረጃ ከ1,000 ዶላር ያልፋል፤ ለአቅመ ደካማ የክፍያ ቅናሽ አለው። ለመመዝገብ ግን ዓለም አቀፍ ፓስፖርት ይጠይቃል። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያላችሁ አንድ ሳንቲም ከመክፈላችሁ በፊት ሰነዳችሁን ይቀበሉ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሌላው የሥራ ፈቃድ ነው። የ2021 የኬንያ የስደተኞች ሕግ ስደተኛ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ክላስ ኤም የሚባለው ፈቃድ ክፍያ የለውም። ግን የቀጣሪ ደብዳቤና የስደተኞች መምሪያ ድጋፍ ይፈልጋል፤ ጠብቆ ጠብቆ የሰለቸ ብዙ ነው። ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ወረቀታችሁን ከፈተናው እኩል እንድትከታተሉት ነው።

እስከዚያው ምን ይደረግ? ሒሳብና እንግሊዝኛ አጥብቁ። ኮምፒውተር ያለበት ማዕከል ሄዳችሁ ኤክሴል ተለማመዱ። በብሎካችሁ የቁጠባ ቡድን ካለ ጸሐፊ ሁኑ። የ25 እናቶችን ገንዘብ ለ2 ዓመት ሳያጎድል የመዘገበ ልጅ፣ ቀጣሪ ፊት የሚያሳየው ነገር አለው።

ሐሰተኛውን እንዴት እንለየው?

አንደኛ፣ ገንዘቡን ወደ ግል ስልኩ ወይም አካውንቱ ላኩ ካለ ማናጀር አይደለም። ቅድም እንዳልነው እውነተኛው ገንዘብ አይዝም።

ሁለተኛ፣ ፈቃዱን ጠይቁ። የኬንያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ የሰጣቸውን ድርጅቶች ዝርዝር በድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ስሙ ከሌለ ወሬው አለቀ። ስሙ ካለም በራሱ በድርጅቱ ቁጥር ደውላችሁ አረጋግጡ፤ የሌላውን ስም ለብሶ የሚመጣ አለና።

ሦስተኛ፣ አስሉ። በኬንያ ሕጋዊ መኒ ማርኬት ፈንዶች በቅርብ ዓመታት የሰጡት ከ20 በመቶ በታች ነው፤ ያውም በዓመት። አንዱ መጥቶ «በወር 30 በመቶ» ካላችሁ፣ 10,000 ሽልንጋችሁ በ12 ወር ከ232,000 በላይ ይሆናል እያላችሁ ነው። ይህን የሚችል ሰው የእናንተን 10,000 ምን ያደርግለታል? ባንክ ተበድሮ በራሱ አይሠራም ነበር?

ይህን ስሌት ዛሬ ማታ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች በአማርኛ አስረዷቸው። ገንዘቡ ከዘመድ የሚላከው ለእነሱ ነው፤ ስልኩም በመጀመሪያ የሚጮኸው እነሱ ዘንድ ነው።