በወፍ እግር ላይ የታሰረ ቁጥር

ከአዕዋፍ ሁሉ ትንሾቹ በአሜሪካ ክፍለ ዓለም ብቻ የሚገኙት ሃሚንግበርድ የሚባሉት ናቸው። በአገራችን ያሉትን አብረቅራቂ የአበባ ማር መጣጭ ወፎች ቢመስሉም ዘራቸው ሌላ ነው። በምሥራቅ አሜሪካ የሚታወቀው ባለቀይ ጉሮሮ ሃሚንግበርድ ክብደቱ ሦስት ግራም ያህል ነው፤ ሆኖም የብርዱን ወራት ለማሳለፍ እስከ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ይበራል።

የአገሩ ሰዎች በአትክልታቸው ውስጥ የስኳር ውሃ ሰቅለው ይመግቧቸዋል። በሚያዝያ ጥቂቶች ይመጣሉ፤ በነሐሴ ማሰሮውን ይከቡታል፤ በጥቅምት መጨረሻ ሥፍራው ጭር ይላል። ባለቤቱም አምስት ወፎች ቢያይ «ወፎቼ አምስት ናቸው» ይላል። ነገር ግን የዛሬዎቹ አምስት የትናንቶቹ መሆናቸውን በምን ያውቃል?

መልሱን የሚሰጠው ቀለበት ነው። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. ዴንማርካዊው መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርቴንሰን ቁጥርና አድራሻ ያለባቸውን የአሉሚኒየም ቀለበቶች በወፎች እግር ላይ ማሰር ጀመረ። የሃሚንግበርድ ቀለበት ከአንድ ግራም መቶኛ እጅ እንኳ ያነሰ ነው። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ወፏን ይዞ ቀለበቱን ያስራል፤ ክብደቷን፣ ዕድሜዋንና ጾታዋን መዝግቦ ይለቃታል። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ፋይል ተከፈተላት ማለት ነው።

መዝገቡ ብዙ ገልጧል። የነሐሴው ብዛት የመጣው የዓመቱ ጫጩቶች ስለ ተጨመሩና ከሰሜን የሚወርዱ መንገደኞች ስለሚያልፉ ነው። አንዱ ጠጥቶ ሲሄድ ሌላው ይተካልና አምስት የመሰሉት ወፎች በእርግጥ እጅግ ብዙ ናቸው። አዋቂዎቹ ወንዶች አስቀድመው ይሄዳሉ፤ ልጆቹ በመጨረሻ ያለ መሪ ብቻቸውን ይጓዛሉ።

በምዕራብ በኩል እስከ አላስካ የሚፈለፈለው ዳማ ሃሚንግበርድ በብርድ ወራት በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ሲታይ፣ መንገድ ስቶ የሚሞት ይመስል ነበር። ቀለበት ከታሰረላቸው ውስጥ ግን በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ግቢ የተመለሱ ተገኙ። በጥር 2010 በፍሎሪዳ ታላሃሲ ቀለበት የታሰረላት አንዲት ወፍ በዚያው ዓመት በሰኔ ከ5,600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ አላስካ ውስጥ ተያዘች።

የዚህ ወፍ ቁጥር ከ1970 ወዲህ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ጉድለቱ የጫጩቶች ማነስ ይሁን የአዋቂዎች ሞት፣ ዓይን ቆጥሮ አይለየውም፤ ያቺው ወፍ ከዓመት ዓመት ተመልሳ እንደሆነ መዝገብ ማየት ያስፈልጋል። መንጋውን ለማዳን የሚሻ ሰው አስቀድሞ አንዷን ለይቶ ማወቅ አለበት።