ስም ያላት አንዲት ሴት፦ ከመጽሐፍ ወደ ፊልም

አንድ ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲለወጥ «መጽሐፉ ይሻላል» ሲባል እንሰማለን። በማትናስ የምናስተባብረው የእናቶች ቡድን ግን እንዲህ ለማለት ዕድል የለውም። አብዛኞቹ ዕብራይስጥ አያነቡምና መጽሐፉ የሚደርሳቸው በፊልሙ በኩል ብቻ ነው። አንድ ማታ የኤራን ሪክሊስን ፊልም አብረን ስናይ እኛ እናስተረጉም ነበር። ምን እንደ ጎደለ የታወቀን ያን ጊዜ ነው።

የፊልሙ ምንጭ የአ. ቢ. ይሆሹዓ «የሰው ኃይል ኃላፊው ተልእኮ» ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ፊልሙ በ2010 ወጡ። በኢየሩሳሌም በአንድ ትልቅ ዳቦ ቤት በሌሊት ፈረቃ ጽዳት የምትሠራ የውጭ አገር ሴት ገበያ ውስጥ በፈነዳ ቦምብ ትሞታለች። አስከሬኗን የሚጠይቅ ይጠፋል። ከዕቃዋ መካከል የተገኘው የደመወዝ ወረቀት፣ ሁላችንም ትሉሽ የምንለው፣ የት ትሠራ እንደነበር ያጋልጣል። ጋዜጠኛ ዳቦ ቤቱን ጨካኝ ብሎ ይከሳል፤ ኃላፊውም ሬሳዋን ይዞ ወደ አገሯ ይላካል። ጠይቆ የቀጠራት እርሱ ራሱ ነበር፤ መልኳን ግን አያስታውስም።

ይሆሹዓ በመጽሐፉ ስም የሰጠው ለሟቿ ለዩሊያ ብቻ ነው። ኃላፊው፣ የዳቦ ቤቱ ጌታ፣ ጋዜጠኛው፣ ልጇም ስም የላቸውም። አገሯም አይጠራም። ይህ በወረቀት ላይ ይቻላል። በፊልም ግን ፊት ስምን ይተካል፤ ማርክ ኢቫኒር የተባለውን ተዋናይ ፊት ለፊት እያየን «ስሙ ማነው?» ብለን አንጠይቅም። ስለዚህ የእርሷ ብቻ መጠራት ሳይታይ ያልፋል። አገሩም እንዲሁ፦ ልጁ አፉን ሲከፍት አንድ ቋንቋ መናገር አለበት። ፊልሙ ሩማንያን መረጠ፤ የማንም ሊሆን የሚችለው አገር የአንድ ሕዝብ ብቻ ሆነ።

ይህን ስንነግራቸው ለብዙ ዓመታት ሌሊት ሌሊት ቢሮ ያጸዱ አንዲት እናት ተቆጡን። «እርሷ ብቻ ስም አላት? ታዲያ ይህን ሳትነግሩን ለምን ጀመራችሁት? መልሱትና እንደገና እንየው» አሉ።

ሌላም አለ። በመጽሐፉ መካከል መካከል ተመልካች የሆኑ ሰዎች «እኛ» እያሉ ይናገራሉ፤ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ያዩትን ይመሰክራሉ። ፊልሙ ይህን ትቶታል። አንፈርድበትም፤ ከስክሪን ጀርባ ተራኪ ቢያስገባ ስብከት ይመስል ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰሙ እናቶች ድምፅ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሸከም ያውቃሉ። ግን ሬዲዮ ሳምንታት ነበሩት፤ ፊልሙ ያለው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ነው።

ፊልሙ የጨመረውም አለ፤ እርሱም ሣጥኑ ነው። ስናነብ በወሬው መካከል እንረሳዋለን፤ በፊልሙ መንገድ ላይ ግን መርሳት አይቻልም። ከእናቶቹ አንዳንዶቹ ሣጥኑ በታየ ቁጥር ከንፈር ይመጡ ነበር።

መጨረሻውን አንነግራችሁም። በሚቀጥለው ጊዜ ፊልሙን በየመካከሉ እያቆምን «እኛ» የሚሉትን ገጾች በአማርኛ ልናሰማ አስበናል። ሁለቱንም ቋንቋ አሳምረው የሚያነቡ ሦስት ወጣቶች ያስፈልጉናል፤ አንድ ሰው ብቻውን «እኛ» ሲል አያምርም።