ደብዳቤዋን ራሷ እንድትጽፍ

በነርስነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት ዓይነ ስውር ታካሚ ሕመሙን በሌላ ሰው አፍ ሲያስነግር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ደብዳቤም እንዲሁ ነው፤ ምስጢሩን ቀድሞ የሚያውቀው ጸሐፊው ነው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ባሰባሰቡበት በሐይቅ እስጢፋኖስ አካባቢ የምትኖር ጎረቤቴ ለዓይነ ስውሯ ልጇ ገመድ አልባ የብሬል ኪቦርድ ከውጭ ተላከላት። «ሲስተር፣ እኔው ልጻፍበት» አለችኝ ልጅቷ።

ዋና ቁልፎቹ ስድስት ናቸው፤ በግራ እጅ 1፣ 2፣ 3፣ በቀኝ 4፣ 5፣ 6። ቻርጅ አድርገን በብሉቱዝ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘነው። ስክሪን የሚያነበው ኤንቪዲኤ ነው። አውስትራሊያዊው ዓይነ ስውር ማይክል ከረን በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፕሮግራም ሲሆን በነፃ ይገኛል።

ያስቸገረችን «ሎ» ናት። በአማርኛ ብሬል ተነባቢው ይቀድማል፣ አናባቢው ይከተላል፤ መጀመሪያ 1፣ 2፣ 3 በአንድ ላይ፣ ቀጥሎ 1፣ 3፣ 5። ልጅቷ በትክክል ብትጫንም የወጣው የላቲን ኤልና ኦ ነበር። ጣቷ ምንም አላጠፋም፤ የብሬል መጻፊያ ሰንጠረዡ እንግሊዝኛ ላይ ነበር። በኤንቪዲኤ ማስተካከያ «ብሬል» ውስጥ ገብታችሁ «ኢትዮፒክ» የሚለውን ምረጡ፤ ከዚያ ሀ ሁን እየጻፋችሁ ፊደል በፊደል አረጋግጡ።

ስኳር ጣቱን ያደነዘዘበት ሰው ነጥቦቹን ዳስሶ ማንበብ ሊከብደው ይችላል፤ ቁልፍ መጫን ግን ይቀለዋል። ስትሮክ አንድ እጁን ላሰነፈበት ደግሞ ነጥቦቹን ተራ በተራ መጫን የሚያስችል ማስተካከያ ያላቸው ኪቦርዶች አሉ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።