ስለ ባሕር በር እንከራከራለን፤ ዋና ግን አንችልም

ሎስ አንጀለስ፦ ፌርፋክስ ጎዳና በሚድ ሲቲ በኩል ሲያልፍ፣ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ እስከ ዊትወርዝ ድራይቭ ያለችው አጭር መንገድ ከ2002 ጀምሮ «ሊትል ኢትዮጵያ» ትባላለች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ጎራ ያለ ሰው እንጀራውን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ የአገሩንም ፖለቲካ ጠግቦ ነው የሚመለሰው። እኛም በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ጎራ ብለን ነበር። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፤ ክርክሩ ደግሞ አሰብ ላይ። አንዱ ታሪክ ይጠቅሳል፤ ሌላው የዓለም አቀፍ ሕግ አንቀጽ ይቆጥራል፤ ሦስተኛው በ1993 ማን ምን እንዳለ እያስታወሰ ጠረጴዛውን ይደበድባል።

በዚህ መሃል ጸጉሩ ገና ያልደረቀ፣ ትልቅ ጥቁር ቦርሳ የተሸከመ፣ አርባዎቹን የጀመረ አንድ ሰው ገባ። ታላላቆቹን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ጥቂት ካዳመጠ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ከዚህ ጠረጴዛ ዋና የሚችል ማነው?» አለ።

ሰባት ሰዎች ነበርን። የወጣው አንድ እጅ ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ግማሽ። የእጁ ባለቤት አዛውንት፣ «በልጅነቴ ጣና ዳር እንቦጫረቅ ነበር፤ እሱ ዋና ከተባለ» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ጠያቂው ግን አልሳቀም።

ስሙን እንዳንጠቅስ የለመነን ይህ ወገናችን ቀን ቀን ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል። በትርፍ ጊዜው ደግሞ የስኩባ አስተማሪ፣ ማለትም አየር በጀርባ ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅን የሚያስተምር ባለሙያ ለመሆን በመዘጋጀት ላይ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋትም ሬዶንዶ ቢች ከሚገኘው የቬተራንስ ፓርክ ባሕር ዳርቻ ጠልቆ መመለሱ ነበር።

«አንተ ደግሞ ከየት አመጣኸው?» ብለን ጠየቅነው። መልሱ ጠረጴዛውን ዝም አሰኘው። በ2006 ከቦሳሶ ተነስቶ ወደ የመን ሲሻገር፣ ደላሎቹ ጠረፍ ጠባቂ ፈርተው መሬት ሳይደርሱ ተሳፋሪውን ወደ ውሃው ገፈተሩት። «እግሬ መሬት አልነካም። አጠገቤ የነበረ የማላውቀው ልጅ ኮሌታዬን ይዞ ጎተተኝ። እሱ ዋና ያውቅ ነበር። ከኋላችን የነበሩት እዚያው ቀሩ። ልጁን ሁለተኛ አላየሁትም፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም» አለን።

ዋና የተማረው አሜሪካ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ37 ዓመቱ ነው። የመጀመሪያውን ወር ከገንዳው ጠርዝ እጁን ሳያላቅቅ እንዳሳለፈ አልደበቀንም።

ለመሆኑ አስተማሪ ለመሆን ምን ያስፈልጋል? በዓለም ላይ በዚህ ሙያ ትልቁ የሆነው ፓዲ የተባለው ድርጅት የተመሠረተው በ1966 ሲሆን፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ በራንቾ ሳንታ ማርጋሪታ ይገኛል። በእሱ ሥርዓት ጀማሪው እስከ 18 ሜትር መጥለቅን ይማራል። ቀጥሎ እስከ 30 ሜትር ይወርዳል። ከዚያ የነፍስ አድን ሥልጠና፣ ከዚያም ዳይቭማስተር የሚባለው የመጀመሪያው የሙያ ደረጃ ይመጣል። እዚህ ላይ 400 ሜትር ሳያርፉ መዋኘት፣ 15 ደቂቃ ውሃ ላይ መቆየት (የመጨረሻዎቹን 2 ደቂቃዎች እጅን ከውሃ አውጥቶ)፣ የደከመ ጠላቂን 100 ሜትር መጎተት ግዴታ ነው። ለአስተማሪነት ሥልጠና ለመግባት 60 ጊዜ የጠለቀ መሆን ያስፈልጋል፤ ለፈተናው ለመቀመጥ ደግሞ 100። የሐኪም ፊርማ ያለበት የጤና ወረቀትም ይጠየቃል። የኛ ሰው ዳይቭማስተርነቱን ጨርሷል። መዝገቡ ላይ 84 ደርሷል፤ ለፈተናው የሚቀረው 16 ነው።

ፈተናው ሁለት ቀን ይፈጃል። የሚፈትነውም ያሠለጠነው ሰው ሳይሆን ከድርጅቱ የሚላክ ሌላ ነው። በጽሑፍ ስለ ፊዚክስ፣ ስለ ሰውነት አሠራርና ስለ መሣሪያዎቹ ይጠየቃል። ራሱን የሳተ ሰው ውሃ ላይ እየጎተተ፣ እያስተነፈሰና ዕቃውን እያወለቀ ማዳኑን ያሳያል። እኛን ያስገረመን ግን ሌላው ነው። ተፈታኞቹ ተራ በተራ አንዱ አስተማሪ፣ ሌሎቹ ተማሪ ይሆናሉ። ፈታኙ ከ«ተማሪዎቹ» ለአንዱ በምስጢር «ይህን ስህተት ሥራ» ይለዋል። አስተማሪው ያንን ስህተት፣ ቃል መናገር በማይቻልበት ውሃ ውስጥ፣ በዓይኑ ፈልጎ ማግኘትና ማረም አለበት። «እኔ በደንብ መጥለቄን ማንም አይጠይቀኝም፤ እሱን ጨርሻለሁ። አሁን የምጠየቀው ሌላው ሰው ሲፈራ አይቼዋለሁ ወይ ነው። ፍርሃት መጀመሪያ የሚታየው ዓይን ላይ ነው» ይላል።

በዚህ አጋጣሚ ሳንጠቅሰው የማናልፈው ታሪክ አለ። በአሜሪካ ለሲቪሎች የሚሰጠው የጥልቅ ዋና አስተማሪዎች ሥልጠና የተጀመረው እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው። ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉት ፈረንሳውያን በ1943 የዘመናዊውን መተንፈሻ መሣሪያ ከሠሩ በኋላ፣ ዕቃው ካሊፎርኒያ ገብቶ በስፖርት መደብር ይሸጥ ጀመር። ገንዘብ ያለው ይገዛል፤ የሚያስተምረው ግን የለም። ስለዚህ በ1954 የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የመናፈሻና መዝናኛ ክፍል ሠራተኛ የነበረው አል ቲልማንና የባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን ሠራተኛው ቤቭ ሞርጋን፣ ስክሪፕስ ወደሚባለው የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ሄደው ከኮንራድ ሊምባው ዘንድ ተማሩ። ተመልሰውም ለሕዝብ የሚሆን የአስተማሪዎች ሥልጠና አቋቋሙ። ቲልማን በ1960 ናዊ የተባለውን አገር አቀፍ የአስተማሪዎች ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ሊምባው ግን በዚያው ዓመት ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ አንድ የውሃ ውስጥ ዋሻ ገብቶ ሳይወጣ ቀረ። የአስተማሪዎች አስተማሪ የነበረ ሰው! አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። ወገናችን ከቦርሳው ባዶ የሃይላንድ ላስቲክ አወጣና ክዳኑን አጥብቆ ዘጋው። «ይህን ይዘን 10 ሜትር ብንወርድ በውስጡ ያለው አየር ግማሽ ይሆናል፤ ላስቲኩ ይጨማደዳል። 30 ሜትር ብንወርድ ሩብ ይሆናል። አሁን ደግሞ ተገላቢጦሹን አስቡት። 10 ሜትር ላይ ሆኜ ከሲሊንደሩ ሙሉ ትንፋሽ ስቤ፣ አፌን ዘግቼ ወደ ላይ ብወጣ፣ ያ አየር እጥፍ ይሆናል። ሳንባዬ ግን እጥፍ አይሆንም፤ ይቀደዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ፦ ትንፋሽ አይያዝም!» በፍጥነት መውጣትም ሌላ አደጋ አለው። ከግፊቱ የተነሳ ደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል። ለዚህ ሕክምና የሚሆን የግፊት ክፍል ከከተማው ማዶ ካታሊና ደሴት ላይ አለ፤ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከ1974 ጀምሮ ያስተዳድረዋል።

ይህን ሁሉ ያስረዳን በአማርኛ ነው። ፈተናውን የሚወስደው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ማታ ማታ ትምህርቱን በደብተር ላይ ወደ አማርኛ ይመልሳል። «ለሬጉሌተር አማርኛ አላገኘሁለትም፤ ሬጉሌተር ይሁን። ግን ‹አትፍሪ፣ እዚሁ ነኝ› የሚለውን ለእናቴ እኩያ በእንግሊዝኛ ልነግራት አልችልም» አለን።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከአንድ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ በላይ የሆነብን። እኛ ኢትዮጵያውያን ከባሕር ጋር ያለን ታሪክ ምን ይመስላል? በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል፣ በብሩኖ ቫይላቲ የተመራ የጣሊያን ጠላቂዎች ቡድን ወደ ቀይ ባሕር መጥቶ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ሲያጠናና ፊልም ሲያነሳ ከረመ። ፎልኮ ኩዊሊቺ ያዘጋጀው ያ ፊልም በ1954 ወጥቶ የዳህላክን የባሕር ወለል ለዓለም አሳየ። የዳህላክ ሰዎችማ ከዚያ በፊት ለዘመናት ያለ ምንም ሲሊንደር፣ በትንፋሻቸው ብቻ ጠልቀው ሉል ሲለቅሙ ኖረዋል። መሀል አገር ያለነው ግን ባሕሩን በካርታ እንጂ በአካል አላወቅነውም። በ1955 የተቋቋመው የባሕር ኃይላችን ምጽዋን ማዕከሉ አድርጎ ኖረ፤ ከ1993 በኋላ ወደብ አልባ ሆኖ በ1996 ፈረሰ። ዛሬ እንደገና ስለ ባሕር ኃይልና ስለ ወደብ ይወራል። ማንም ስለ ወደቡ የፈለገውን አቋም ይያዝ። ነገር ግን የባሕር በር ያለው አገር መሆንና ባሕርን የሚያውቅ ሕዝብ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በመንግሥታት እጅ ነው፤ ሁለተኛው ግን በያንዳንዳችን።

አለማወቅ ያስከፈለንን ደግሞ እናውቃለን። ኅዳር 23 ቀን 1996 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ነዳጁን ጨርሶ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ሲያርፍ፣ ከ175 ሰዎች 125ቱ አልቀዋል። ከሞቱት ብዙዎቹ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳሉ የነፉ ነበሩ። ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፍፎ ያዛቸው፤ ወደ በሩ ጠልቀው መውጣት አልቻሉም። የተረፉትን ለማዳን ከተሯሯጡት መካከል የደሴቱ ነዋሪዎችና ለሽርሽር የመጡ የስኩባ ጠላቂዎች ይገኙበታል። በነሐሴ 2025ም ከ150 በላይ ኢትዮጵያውያንን የጫነች ጀልባ በየመን አብያን ጠረፍ ሰጥማ ብዙ ወገኖቻችን አልቀዋል። ዋና መማር የስደትን ምክንያት አያስቀርም፤ ያንን የሚያስቀረው ሌላ ነገር ነው። ቢሆንም አንድን ልጅ ኮሌታውን ይዞ የሚጎትት ሌላ ልጅ ይፈጥራል።

ጉዳዩ የባሕረ ሰላጤውም ብቻ አይደለም። ልጆቻችን በሚያድጉባት አሜሪካ ከ1 እስከ 4 ዓመት ላሉ ሕፃናት ቀዳሚው የሞት ምክንያት መስጠም ነው። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2014 ባወጣው ጥናት፣ ከ5 እስከ 19 ዓመት ያሉ ጥቁር ልጆች በመዋኛ ገንዳ የመስጠም መጠናቸው ከነጮቹ 5.5 እጥፍ ነበር። ለብዙ ዘመን ከገንዳና ከባሕር ዳርቻ በዘር መድልዎ ተከልክሎ የኖረ ሕዝብ ውጤት ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ዶክተር አልበርት ሆሴ ጆንስ በ1959 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የጠላቂዎች ክበብ መሥርተዋል፤ በ1991ም የጥቁር ስኩባ ጠላቂዎች ብሔራዊ ማኅበር ተቋቁሟል። እኛስ? ዕድሩ አለን፣ የእግር ኳስ ቡድኑ አለን፣ የፖለቲካ ድርጅቱማ ተርፎናል።

ከጠረጴዛው አንዱ የማይቀረውን ጥያቄ አነሳ፦ «ስንት ያስገኛል?» ወገናችን ሳቀ። «ከፓርኪንጉ ያነሰ» አለ። ሥልጠናው፣ ዕቃው፣ ፈተናውና የመድን ክፍያው ተደምሮ ጥቂት ሺህ ዶላር ይፈጃል፤ የጀማሪ አስተማሪ ክፍያ ደግሞ አነስተኛ ነው። የሱ ሐሳብ ግን ሥራ መቀየር አይደለም። መጀመሪያ የፌርፋክስን ልጆችና እናቶች ገንዳ ውስጥ ማስተማር፣ ቀጥሎ የደፈሩትን ወደ ባሕሩ መውሰድ፣ አገር ሰላም ሲሆን ደግሞ ባሕር ዳር ሄዶ ጥቂት ወጣቶችን ማሠልጠን ይፈልጋል። ለዚህም ከወዲሁ ይዘጋጃል፤ ምክንያቱም ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚገኘው ጣና ላይ የአየሩ ግፊት አነስተኛ በመሆኑ፣ ለባሕር የተሠራው የጥልቀትና የጊዜ ሠንጠረዥ እንዳለ አይሠራም።

ልንለያይ ስንል፣ እጃቸውን እስከ ግማሽ ያወጡት አዛውንት ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ «ልጄ፣ ስድሳ ስምንት ዓመት ለሞላው ሰው ቦታ አለህ?» አሉት።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ሐኪምዎ ይፈቀድልዎት፤ ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ገንዳው ጋ እጠብቅዎታለሁ። ለመጀመሪያው ቀን ውሃው ከደረትዎ አያልፍም» አላቸው።

በተባለው ቅዳሜ እኛም ሄድን። አዛውንቱ የገንዳውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ፊታቸውን ውሃ ውስጥ ነከሩ፤ አረፋ አወጡ፤ ቀና ብለውም ሳቁ። ወገናችን ከጎናቸው ቆሞ ዓይናቸውን ብቻ ይመለከት ነበር። ከዝግጅት ክፍላችንም አንዳችን፣ ማን እንደሆነ አንናገርም እንጂ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ገብቷል። ከሰዓት በኋላ ፌርፋክስ ላይ ስለ አሰብ ክርክሩ እንደተለመደው ቀጠለ። ቸር እንሰንብት።