«ለምን አይግቱትም?» በረሃብ አድማ ላይ የምንሳሳተው

ፎገራ ሜዳ ላይ የበሬ ሆድ ሲነፋ የሚደረገው ይታወቃል። አንዱ ቀንዱን ይዞ አንገቱን ወደ ላይ ያቃናል፤ ሌላው ዘይት የያዘውን ጠርሙስ በጉንጩ በኩል ሰክቶ ያንቆረቁርለታል። በሬው ይታገላል፣ ዓይኑ ይጉረጠረጣል፣ ግማሹ መሬት ይፈስሳል። ይህ መጋት ነው። ሕፃንም ይጋታል፤ እናት ጭኗ ላይ አንጋላ፣ እጁን ጠፍራ፣ በመዳፏ እያቆረች። ስለዚህ ወረታ ላይ፣ መንገዱ ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠልበት አካባቢ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ፣ የረሃብ አድማ ስለመታ እስረኛ ሲወራ «ታዲያ ለምን አይግቱትም?» የሚል ቢገኝ አይገርምም። ጥያቄው ከርኅራኄ የመጣ ነው። ስህተቱም እዚያው ነው።

መጀመሪያ ግን ሌላ አባባል አለ፦ «እኛ በጾም ያደግን ነን፤ ረሃብ ማንን ገደለ?» ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ እውነት። ግን ጿሚው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽሮውን በጤፍና ሩዝ እንጀራ ያገኛል። አክፍሎት የያዘም ትንሣኤ ሌሊት ይፈስካል። የረሃብ አድማ የመታ ሰው ውኃ፣ ቢበዛ ጨውና ስኳር ብቻ ነው የሚወስደው። ሰውነቱ ያጠራቀመውን ስኳር በአንድ ቀን ገደማ ይጨርስና ወደ ስብ፣ ከዚያም ወደ ጡንቻ ይዞራል። ሳምንታት ሲያልፉ መቆም ያዞረዋል፤ ቫይታሚን ቢ1 ሲያልቅ ዓይኑ ይንቀጠቀጣል፣ ውኃው ራሱ ያቅለሸልሸዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ 10 እስረኞች በ46 እና በ73 ቀናት መካከል ሞተዋል። የመጀመሪያው ቦቢ ሳንድስ በ66ኛው ቀን ነበር።

«ራሱን ሊያጠፋ ነው» የሚለውም አያስኬድም። መሞት የፈለገ ሰው ጥያቄ አይዘረዝርም። በኅዳር 1998 የተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎችና ጋዜጠኞች ታስረው ምግብ እምቢ ሲሉ፣ ብርቱካን ሚደቅሳ በ2001 ዳግም ሲታሰሩ እንዲሁ ሲያደርጉ፣ ሁሉም የሚጠይቁት ነገር ነበራቸው። ፖለቲከኞቹ ጃዋር መሐመድ፣ በቀለ ገርባና አብረዋቸው የታሰሩት ደግሞ ጥር 19 ቀን 2013 አድማ የጀመሩት ችሎት ሊከታተሉ የሚመጡ ቤተሰቦችና ደጋፊዎች እየተዋከቡ ነው ብለው ነው። እነዚህ ስሞች ወረታ ላይ ሲጠሩ ፊቱን የሚያጠቁር ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የማነሣቸው፤ ለወዳጅ ብቻ የሚሠራ ደንብ ደንብ አይደለም።

ዋናው ክርክር ግን ይህ ነው፦ «ሐኪም ነፍስ የማዳን ግዴታ አለበት፤ ስለዚህ በግድም ቢሆን ይመግብ።» የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1975 በቶኪዮ ያወጣው መግለጫ ተቃራኒውን ይላል። እስረኛው አእምሮው የተስተካከለ ከሆነ፣ ይህንንም ሌላ ነፃ ሐኪም ካረጋገጠ፣ ያለፈቃዱ አይመገብም። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው የማልታ መግለጫ ሥራውን በዝርዝር አስቀመጠው። ሐኪሙ እስረኛውን ጠባቂ በሌለበት ያነጋግራል፤ ጓደኞቹ አስገድደውት እንዳይሆን ያጣራል፤ ምን እንደሚደርስበት ሳይደብቅ ይነግረዋል፤ «ራስህን ብትስት ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ራሱን ስቶ የተወው ቃል ከሌለ ሐኪሙ ይበጀዋል ያለውን ያደርጋል፤ በቱቦ መመገብም ይችላል። በነቃና እምቢ ባለ ሰው ላይ ሲሆን ግን ሕክምናነቱ ይቀራል።

መንግሥታትስ? «በእጄ ያለ ሰው አይሞትብኝም» ይላሉ፤ ቀላል ክርክር አይደለም። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2015 በግድ መመገብን የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷም በ2016 አጸናው። የአገሪቱ ሐኪሞች ማኅበር ግን አባላቱ እጃቸውን እንዳያስገቡ አሳሰበ።

ደግሞም መጋት ሁልጊዜ ነፍስ አያድንም። እናቶች የጋቱት ወተት ወይም ቅቤ ወደ ሳንባ ገብቶ ሕፃን የሳንባ ምች እንደሚይዘው ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል። በሚታገል አዋቂ አፍንጫ የሚገባ ቱቦም መንገዱን ይስታል። እስረኛው ቶማስ አሽ እ.ኤ.አ. በ1917 ደብሊን ውስጥ በግድ ከተመገበ በኋላ ሞተ፤ ሳንባውና ልቡ ነበሩ የከዱት። ጓንታናሞ ላይ እስረኛን በወንበር ጠፍረው ነበር የሚግቱት። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 በዩክሬን ላይ በቀረበ ክስ፣ የሕክምና አስፈላጊነቱ ሳይረጋገጥ እጅ አስሮና አፍ በመሣሪያ ከፍቶ መመገብን ማሰቃየት ብሎታል።

በእነ ጃዋር ጉዳይ ጭቅጭቁ የቱቦ ሳይሆን የሐኪም ነበር፦ የት ሆስፒታል፣ በማን እጅ ይታከሙ? እንደኔ ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰሩ ሰዎች ከሐኪሞቻቸው ጋር የመገናኘት መብት አላቸው ይላል፤ እስረኛ ከማያምነው ሐኪም ጋር ስለ ሞቱና ስለ ሕይወቱ እውነቱን አይነጋገርም።

አድማቸው 40 ቀን ያህል ቆይቶ የካቲት ሊያልቅ ሲል ተቋረጠ። ያስቆማቸው ልመና ነው፤ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ተማጽነዋቸው። እኛም ማዕድ ላይ እምቢ ያለን ሰው የምናጎርሰው «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ብለን ነው፤ አፉን ፈልቅቀን አይደለም።

አንድ ነገር ለዘመድ። «ከተወ በኋላማ ጠግቦ ይብላ» የሚለው ሊገድል ይችላል። ለሳምንታት የተራበ አካል ድንገት ምግብ ሲያገኝ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም ያሽቆለቁላል፣ የልብ ምት ይዛባል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቫይታሚን ቢ1፣ የደም ምርመራና ሐኪም የመጠነው ቀጭን አጥሚት በማንኪያ ናቸው። ከወረታ ተጭኖ የመጣው ቅቅልና የሩዝ እንጀራ ይቆይለት።