ሳያጉረመርም የሚያረጅ አገልጋይ

ማለዳ በነቀምቴ መንገድ የሚያልፍ ሰው፣ ቢጫ ጀሪካኗን በጀርባዋ አዝላ ውኃ ቀድታ የምትመለስ እናት ማየቱ አይቀርም። ያ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ ሁለቱ ኩላሊቶቿ ግን ከዚያች ማለዳ እስከ ማግስቱ ማለዳ ከደሟ የሚያጠልሉት ፈሳሽ እንዲህ ያለውን ጀሪካን ዘጠኝ ጊዜ ይሞላል። ከዚህም 180 ሊትር ውስጥ በሽንት የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ሁሉ ተመርጦና ተለቅሞ ወደ ደም ይመለሳል።

ግእዙ ኵልያት፣ የወለጋ ሰው በኦሮምኛ ከሌ የሚለው ይህ ብልት፣ በቅዱሳት መጻሕፍት ዘንድ የስውር ሐሳብ ማደሪያ ሆኖ ከልብ ጋር ተጣምሮ የሚነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሥራውም እንደ ሐሳብ ስውር ነውና። እያንዳንዱ ኩላሊት በአማካይ አንድ ሚሊዮን ያህል ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ሲኖሩት፣ እነዚህን ከእናታችን ማኅፀን ይዘናቸው እንወጣለን እንጂ ከልደት በኋላ አንድ ስንኳ አይጨመርልንም።

ጨውንና ውኃን ወደ ደም የሚመልሱት የኩላሊት ሕዋሳት ድካማቸው ብርቱ ስለ ሆነ፣ ማይቶኮንድሪያ በሚባሉ ረቂቃን ምድጃዎች የተሞሉ ናቸው። ምድጃ ሲነድ ፍንጣሪ እንደሚወረውር ሁሉ፣ እነርሱም በኦክስጂን ኃይል ሲያመነጩ ያገኙትን የሚጎዳ ቁጡ የኦክስጂን ዘር ያፈልቃሉ። ዝናብ ሲመታው የከረመ ማጭድ የሚዝገው፣ የሰነበተ ቅቤም ጠረኑ የሚለወጠው በዚሁ በኦክስጂን ጠባይ ነው፤ አሜሪካዊው ሊቅ ዴንሃም ሃርማን እ.ኤ.አ. በ1956 የእርጅና አንዱ ምንጭ ይህ ነው ሲል ሐሳቡን አቅርቧል። በወጣትነት ፍንጣሪውን የሚያጠፉ ዘበኞች በሕዋሱ ውስጥ ብዙ ናቸው፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ዘበኞቹ ይደክማሉ፣ ያረጀው ምድጃም ይባስ ፍንጣሪ ይረጫል፣ መታደስ ያቃተው ሕዋስ ጎረቤቱን ያስቆጣል፣ ጤነኛው ሥጋም በጠባሳ ይተካል። ስለዚህ በብዙ ሰዎች ዘንድ ከ40 ዓመት በኋላ የማጥለል ኃይል በየዓመቱ አንድ በመቶ ያህል ይቀንሳል።

ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፤ የሚያሳዝነው እኛው ራሳችን ዝገቱን ማፋጠናችን ነው። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ የኩላሊትን ሕዋሳት ፍንጣሪ ያበዛሉ፤ ሲጋራም እንዲሁ ነው። ለወገብ ሕመም ሳይታዘዝ በየጊዜው የሚዋጥ ዲክሎፌናክ ደግሞ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ያሳንሳል። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ቡናን በጨው መጠጣት የአባቶች ወግ መሆኑን አውቃለሁ፣ ወጉንም አከብራለሁ፤ ነገር ግን ግፊት ላለበት ሽማግሌ ከስኒው ጨውን መቀነስ ወግን ማፍረስ ሳይሆን አባትን ማክበር ነው።

ኩላሊት እንደ ጥርስ አያምም፤ አብዛኛው ኃይሉ እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብሎ ያገለግላል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ለአገራችን ታላቅ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ለወለጋ ገበሬ ያ ደጅ 330 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይርቃል፣ የግፊት መለኪያው ግን በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ይገኛል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዕድሜህ ከ40 ካለፈ፣ ወይም በቤትህ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ካለ፣ ግፊትን አስለካ፣ የሽንትና የክሬቲኒን ምርመራም ጠይቅ፤ ይህ አገልጋይ ስለ ራሱ አይናገርምና አንተ ጠይቅለት።