ላፍቶ ባዶ መሬት አልነበረም

ጀሞ፣ ለቡ፣ ሃና ማርያም ወይም ፉሪ ዳር ስለተሠሩ ቤቶች ወሬ ሲነሳ ማንም የማይጠራጠራቸው አባባሎች አሉ። “ቦታው ባዶ ነበር” ይባላል። “ገበሬው መሬቱን ሽጦ ከብሯል” ይባላል። የአዲስ አበባ እህል ከጎጃምና ከአደአ ስለሚመጣ የላፍቶ እርሻ ቢጠፋ የሚጎድል ነገር እንደሌለም ይነገራል። አንዳንዶቹ ከፊል እውነት አላቸው። አብዛኞቹ ግን መሬቱን ያጣውን ሰው ይበድላሉ።

ባዶነት ከሚባለው እንጀምር። በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ዳርቻ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ ይዘራ ነበር። አፈሩ ጥቁር ሸክላ ነው፤ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ሽምብራው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ይዘራና መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል። ቦታ ሊያይ የሚመጣው የከተማ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው በበጋ፣ አዝመራው ተሰብስቦ ገለባው ብቻ ሲቀር ነው። ያኔ ያየው ማሳ ባዶ ቢመስለው አይገርምም። ቤት ሠሪውም ቢሆን ይህን አፈር አይወደውም፤ ስለሚያብጥና ስለሚሰነጠቅ መሠረት ከመጣሉ በፊት ጥቁሩን ቆርጦ አውጥቶ ሌላ ይሞላበታል። ለዘር የታደለውን አፈር ጭነን እንጥላለን።

“ገበሬው ከብሯል” የሚለውን ግን በቁጥር ማየት ይገባል። በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይህን ይደነግጋል፣ አርሶ አደሩም ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ይናገራል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲያስነሳው የሚከፍለው በመሬቱ ላይ ላፈራው ንብረትና ለሚያጣው ምርት ነው እንጂ ለቦታው አይደለም። በአዋጅ 455/1997 መሠረት በቋሚነት የሚነሳ ገበሬ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። በምሳሌ እናስላው። አንድ ሄክታር በዓመት 15 ኩንታል ጤፍ ይሰጣል እንበል። በአሥር ሲባዛ 150 ኩንታል ነው። ሄክታሩ 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ ለአንድ ካሬ የሚደርሰው የአንድ ኪሎ ተኩል ጤፍ ዋጋ ነው። የገለባ፣ የቤትና የዛፍ ግምት ለብቻው ይጨመርበታል። የአምስት ዓመት አማካይ ደግሞ ዋጋ በሚንርበት አገር ሁልጊዜ ወደ ኋላ የቀረ ዋጋ ነው። በተመሳሳይ ዘመን፣ በ2007 ዓ.ም.፣ በመርካቶ የሊዝ ጨረታ ለአንድ ካሬ ከ300,000 ብር በላይ ቀርቧል። ላፍቶ መርካቶ አይደለም፤ ነገር ግን የአንዱ ዋጋ በቦታ፣ የሌላው በጤፍ መለካቱን ይህ ልዩነት ያሳያል።

አዋጅ 1161/2011 ስሌቱን አሻሽሏል፤ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። በዚያው ምሳሌ ሲሰላ ለካሬው ሁለት ኪሎ ከሩብ ጤፍ ነው። አቅሙ ያለው ተነሺ በይዞታው ላይ ቅድሚያ የማልማት መብት እንዳለውም ደንግጓል። መሻሻሉ እውነተኛ ነው፤ መለኪያው ግን አሁንም ሰብል ነው።

ሕገወጥ የሚባለው ግንባታም የሚፈለፈለው ከዚሁ የካሳ ማነስ ነው። ማሳው ነገ እንደሚወሰድበት የሚሰማ ገበሬ፣ ደላላ ከካሳው የተሻለ ብር ይዞ ሲመጣ በመንደር ውል ቆርሶ ይሰጣል። ገዢውም ብዙ ጊዜ የኪራይ ቤት ያማረረው ድሃ ነው። ከዓመታት በኋላ ግብረ ኃይል ሲመጣ የሚፈርሰው የዚህ ሰው ቤት ነው። በሰኔ 2008 በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ቀርሳ ኮንቶማ በተባለው ሰፈር፣ ቤት ሲፈርስ በተነሳ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ቀደም ብሎ በጥር 2008 የአዲስ አበባና የዙሪያው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የጋራ ማስተር ፕላን የተሰረዘውም ገበሬ ይፈናቀላል ከሚል ቁጣና ብዙ ሕይወት ካለፈበት ተቃውሞ በኋላ ነው።

“ካሳውን በልቶ ጨረሰ” የሚለው ነቀፋ ይከብደኛል። ማረስ እንጂ ሌላ ሙያ ያልተማረ ሰው በአንድ ጊዜ ብር ይዞ ከተማ መሀል ሲቀር ዘበኛ ወይም የቀን ሠራተኛ ቢሆን ስንፍና አይደለም። ከማሳው ጋር የላሟ ግጦሽ፣ የማገዶው ኩበትና የጎረቤት ደቦም ሄደዋል።

ስለ እህሉ የሚባለው ትክክል ነው። አዲስ አበባን ጤፍ የመገባት ላፍቶ አይደለም። ቶሎ የሚበላሹት ግን፣ ወተትና ቅጠላ ቅጠል፣ ቅርብ ቦታ ይፈልጋሉ። ዛሬም በትንሹ አቃቂ ዳር በመካኒሳና በላፍቶ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። ችግሩ ውኃው ነው። ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት የሚለቀቅ ፍሳሽ ወንዙን በክሎታል፤ ጥናቶችም በአትክልቱ ውስጥ እንደ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ብረቶችን አግኝተዋል። “በደንብ ካጠብኩት ይጸዳል” የሚለውም ተረት ነው። ማጠብ ጭቃንና ከላይ ያለውን ተህዋስ ይቀንሳል እንጂ በሥር ገብቶ ቅጠል ውስጥ የተቀመጠን ብረት አያወጣም። ከዚህ ተነስቶ “አትክልተኛው ይነሳ” ማለት ግን በካዩን ትቶ የተበከለበትን መቅጣት ነው።

ቀጣዩ ማሳ ከመወሰዱ በፊት የከተማው አስተዳደርና ሕግ አውጪዎች የካሳውን መለኪያ ከጤፍ ወደ ቦታ ዋጋ ይለውጡት። ዳር ላይ ቤት ለመግዛት የምታስቡም ስለ ካርታው ስትጠይቁ፣ መሬቱን ያርስ የነበረው ሰው ስንት እንደተከፈለውና አሁን የት እንዳለ አብራችሁ ጠይቁ።